የጓደኛን ሙት ዓመት ራስ ደጀን ላይ ለማሰብ፦ የቡድን ጉዞን ደረጃ በደረጃ ማዘጋጀት

ተራራ ይወድ የነበረ ሰው ሲያርፍ ጓደኞቹ ተሰብስበው "ሙት ዓመቱን ተራራ ላይ እናስበው" ማለታቸው አይቀርም። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ሃያ ሰው ይዞ ከ4,000 ሜትር በላይ መውጣት ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ደርሶ እንደመመለስ አይደለም። ቢያንስ የአራት ወር ዝግጅት ይፈልጋል።

የመታሰቢያ ጉዞ ከሌላ የተራራ ጉዞ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ሰው "ለሱ ስል እወጣለሁ" ብሎ ይነሳል። ራሱን ሲያመው ይደብቃል። ጉልበቱ ሲከዳው አይናገርም። መመለስ ጓደኛውን እንደመክዳት ይሆንበታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል፦ መታሰቢያው የሚደረገው ሁሉም ሊደርስ በሚችልበት ቦታ ነው። የተራራው ጫፍ ደግሞ ለቻለ ሰው ነው። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ከወሰናችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል።

እዚህ የማወራው ስለ ራስ ደጀን ነው። የአገራችን ከፍተኛ ተራራ ነው፤ ወደ 4,550 ሜትር ይጠጋል። መነሻው ደባርቅ፣ መንገዱ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኩል ነው።

1. ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ

ቴሌግራም ግሩፕ ከመክፈታችሁ በፊት፣ ቲሸርት ከማሳተማችሁ በፊት ወደ ቤተሰቡ ሂዱ። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ፣ በአካል። በስልክ አይሆንም።

ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ፍቃዳቸው ነው ወይ? ሁለተኛ፣ ተዝካሩ ወይም የሙት ዓመቱ ጸሎት መቼና የት ነው? ጉዞው ከዚያ ቀን ጋር መጋጨት የለበትም። ከተጋጨ የሚለወጠው የእናንተ ቀን ነው። ሦስተኛ፣ ከቤተሰቡ መምጣት የሚፈልግ አለ? እዚህ ላይ "እናታችን አቅም የላቸውም" ብላችሁ በእነሱ ፋንታ አትወስኑ። ለእናትም የሚሆን መንገድ አለ፤ ከታች እመጣበታለሁ።

አንድ ተጨማሪ ነገር ለምኑ። ከጉዞው በፊት በሚደረገው ስብሰባ ላይ እናቱ ወይም እህቱ ለተጓዦቹ እንዲናገሩ፦ "ስለ እሱ ብላችሁ አንዳችሁም እንዳትጎዱብን፤ የደከመው ይመለስ።" ይህ ቃል ከአስተባባሪ ሲመጣ ሰው ሰምቶ ያልፈዋል። ከእናት ሲመጣ ግን ተራራው ላይ ይታወሳል።

2. ቀን መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ እርሱት። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ጭቃ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ምርጡ ጊዜ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ መሬቱም ገና አረንጓዴ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ጾሙንም ከቀን መቁጠሪያው ላይ እዩ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ሁዳዴ ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ብዙውን የበጋ ጊዜ ይይዛል። በባዶ ሆድ እስከ 9 ሰዓት እየጾሙ 4,000 ሜትር ላይ መሄድ አደጋ አለው። የሚጾም ሰው አስቀድሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። በቡድኑ ሙስሊሞች ካሉ ረመዳን የሚውልበትን ወርም ተመልከቱ።

ጥምቀት ሰሞን ጎንደር አልጋ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ሙት ዓመቱ ጥር ላይ የሚውል ከሆነ ጥር 11ን አሳልፉና ሂዱ።

3. ሰላሙን ማጣራት

ይህን ደረጃ ማንም አይዝለለው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት አለ። የመንገዱ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ከጎንደር ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ክፍት መሆኑን፣ ፓርኩ ተጓዥ እየተቀበለ መሆኑን ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና እዚያው ከሚኖሩ አስጎብኚዎች ጠይቁ። ቀን ስትቆርጡ አንዴ፣ ከመነሳታችሁ ሳምንት በፊት አንዴ፣ በዋዜማው እንደገና። መልሱ "እንጃ፣ ብትመጡ ይሻላል መሰለኝ" ዓይነት ከሆነ አትሂዱ።

ለዚህ ሲባል ሁለተኛ ምርጫ ከመጀመሪያው ይያዝ። እኔ የምመርጠው ባሌን ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ እስከ ጫፉ የመኪና መንገድ አለው። ቡድኑ ከዲንሾ ተነስቶ በእግር ይሄዳል፣ ቤተሰቡ ከጎባ በመኪና ይወጣል። ብቻ ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ በመኪና በአንዴ ይህን ያህል መውጣት ለአረጋውያን ከባድ ነው። ደርሰው፣ ጸሎት አድርገው፣ ቶሎ ይውረዱ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውጣ።

4. ሥራ ክፍፍልና ገንዘብ

ዕድር እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። እንደዚያው አድርጉት። አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ጸሐፊ። በዚያ ላይ አንድ የጤና ኃላፊ ጨምሩ፤ ነርስ ወይም ሐኪም ጓደኛ ካለ እሰየው። አንድ ደግሞ የቤተሰብ ተጠሪ፦ ለቤተሰቡ የሚደውለው እሱ ብቻ ነው። ሁሉም እየደወለ "እንዲህ ልናደርግ ነው" ካለ ሐዘንተኛ ቤት ይረበሻል።

ሰብሳቢውና የጤና ኃላፊው አንድ ሰው አይሁኑ። ሰብሳቢ ፕሮግራሙ እንዲሳካ ይፈልጋል። "ይህ ሰው ይመለስ" የሚለው ሌላ ሰው መሆን አለበት፤ የሱ ቃል የመጨረሻ እንደሆነም ሁሉም አስቀድሞ ይስማማ።

ወጪው እነዚህን ይይዛል፦ የአውሮፕላን ወይም የመኪና ትራንስፖርት፣ የፓርክ መግቢያ፣ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ ያዥ ስካውት፣ ምግብ አብሳይ፣ የበቅሎና የባለበቅሎ ክፍያ፣ የድንኳን ኪራይ፣ ምግብ፣ የደባርቅና የጎንደር አልጋ፣ ጉርሻ። ዋጋዎቹ ስለሚለዋወጡ ቀጥታ ደባርቅ ደውላችሁ ጠይቁ። ከውጭ የሚመጡ ወገኖች በውጭ ፓስፖርት ሲገቡ የመግቢያ ዋጋቸው ሊለይ ይችላል፤ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያለው ይዞት ይምጣ። ከጠቅላላው ላይ አሥራ አምስት በመቶ መጠባበቂያ ጨምሩበት።

መዋጮው በሁለት ዙር ይሰብሰብ። የመጀመሪያው ስም ሲመዘገብ፣ ሁለተኛው ከጉዞው ወር በፊት። ቴሌብርም ሆነ ባንክ፣ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን ቢቻል በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ። ከቤተሰቡ ሳንቲም አይጠየቅ። መክፈል የማይችል የቅርብ ጓደኛ ይኖራል፤ ገንዘብ ያዡና ሰብሳቢው ብቻ አውቀው ከመጠባበቂያው ይሸፍኑለት። ስሙ ግሩፕ ላይ አይወጣም።

5. መታሰቢያውን የት እናድርገው?

መልሴ ጨነቅ ነው። ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ካምፕ ነው። ከደባርቅ በሳንቃበር በኩል የጠጠር መንገድ ይደርሰዋል። በእግር የሚሄደው ቡድን ሦስት ቀን ተጉዞ እዚያ ሲደርስ፣ እናት፣ አባት፣ ልጅ የያዙ እህቶች ደባርቅ አድረው በማለዳ በመኪና ይመጣሉ። ገደሉ ከፊት ለፊት ነው፤ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ ይታያሉ፤ ዋልያ ለማየትም ከጨነቅ አካባቢ የተሻለ ቦታ የለም። ማንም "እኔ ሳልደርስ ቀረሁ" ብሎ አያለቅስም።

ሌላም ምክንያት አለ። ከጨነቅ ወደ ራስ ደጀን የሚወስደው መንገድ በቧሂት ማለፊያ ወደ 4,200 ሜትር ይወጣና እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ይወርዳል። ወንዙ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ እንደገና ወደ አምቢቆ መንደር ሽቅብ። ይህን አስቡት፦ አንድ ሰው አምቢቆ ላይ ቢታመም ወደ ጨነቅ ለመመለስ ያንን ዳገት ሁሉ መውጣት አለበት። ሄሊኮፕተር መጥቶ ያነሳናል ብላችሁ አታስቡ። በጃናሞራ ወረዳ በኩል መኪና እስከ የት እንደሚገባ ደባርቅ ላይ ጠይቃችሁ፣ የአንድ ሹፌር ስልክ ያዙ። ዋናው ግን ከጨነቅ ማን እንደሚያልፍ እዚያው ጨነቅ ላይ መወሰኑ ነው።

6. የቀን ፕሮግራም

ቀን 1፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ደባርቅ። በአውሮፕላን ጎንደር አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት በመኪና። ደባርቅ 2,850 ሜትር ነው። ከሰዓት በኋላ የፓርክ ክፍያና የሰው ቅጥር ይጠናቀቃል።

ቀን 2፦ እስከ ቡይት ራስ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሳንቃበር። ማደሪያ 3,250 ሜትር።

ቀን 3፦ በጅንባር ፏፏቴ በኩል ግጭ። 3,600 ሜትር።

ቀን 4፦ በእሜት ጎጎ አድርጎ ጨነቅ። እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለው ጫፍ ነው፤ ማን እንዴት እንደሚተነፍስ የሚታየው እዚህ ነው። የጤና ኃላፊው ማስታወሻ ይያዝ።

ቀን 5፦ መታሰቢያ ጨነቅ ላይ። ለእግረኞቹ ዕረፍት ጭምር ነው።

ቀን 6፦ ጨነቅ፣ ቧሂት፣ መሸሃ፣ አምቢቆ። ረጅም ቀን ነው፤ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት። አምቢቆ 3,200 ሜትር ነው፤ ዝቅ ብሎ ማደሩ ይጠቅማል።

ቀን 7፦ ራስ ደጀንና መልስ አምቢቆ።

ቀን 8፦ ወደ ጨነቅ፣ ከዚያ በመኪና ደባርቅ።

ቀን 9ን ባዶ ተዉት። የመመለሻ በረራ በቀን 8 ማታ ወይም በቀን 9 ጠዋት እንዳትቆርጡ። አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር ያ ቀን ያስፈልጋል።

7. ከፍታው

ራስ ደጀን ጫፍ ላይ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። አዲስ አበቤ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚኖር ትንሽ ይቀለዋል። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ የሚመጣው ጓደኛ ግን ተወልዶ ያደገው ደብረ ብርሃን ቢሆንም ሰውነቱ ለምዶ የነበረውን ረስቷል። ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ይቀመጥ፤ ከቦሌ ወርዶ በማግስቱ ደባርቅ አይሂድ።

ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ከላይ ያለው ፕሮግራም ይህን ይጠብቃል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ድካም ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። ያ ሰው ከዚያ በላይ አይወጣም። ካልተሻለው ይወርዳል። ሲራመድ የሚንገዳገድ፣ ወሬው የሚምታታ፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ደግሞ ጠዋት አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይወርዳል። መሞከሪያው ቀላል ነው። መሬት ላይ መስመር አስምሩና ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ይራመድ። ካቃተው አትከራከሩት።

አሴታዞላሚድ (ዳያሞክስ) የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው መጠንቀቅ አለበት፤ ሁሉም ሐኪሙን አማክሮ ይውሰድ። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል እዚያ ከፍታ ላይ አይሆኑም። ጠጁ ደባርቅ ስትመለሱ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሐዘኑን እንዳትረሱ። ሲያለቅስ ያመሸ ሰው ጠዋት ራሱን ቢያመው ከልቅሶው ይሁን ከከፍታው አይታወቅም። በልቷል? ጠጥቷል? ተኝቷል? የጤና ኃላፊው በየጠዋቱ እያንዳንዱን ለብቻ ይጠይቅ። በሕዝብ ፊት "ሁላችሁም ደህና ናችሁ?" ሲባል "አለን፣ ተመስገን" ይባላል እንጂ እውነቱ አይወጣም።

8. ደባርቅ ላይ

ስካውት፣ አስጎብኚ፣ አብሳይና በቅሎ እዚያው ይቀጠራል። ከአዲስ አበባ ሆናችሁ በስልክ ብትስማሙም ፊት ለፊት እንደገና አረጋግጡ፦ የቀን ክፍያው ስንት ነው? የመመለሻው ቀን ይታሰባል? ምግባቸው በማን ነው? በወረቀት ይጻፍ።

ከጭነት በቅሎዎቹ ሌላ አንድ ባዶ የመቀመጫ በቅሎ ኮርቻዋን ይዛ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ትከተል። "ትርፍ ወጪ ነው" የሚል ይመጣል። አትስሙት። ጉልበቱ የከዳውን ሰው የምታተርፈው እሷ ናት።

የተከራያችሁትን ድንኳን ሁሉ ግቢ ውስጥ ዘርጉት። ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሁለቴ ክፈቱና ዝጉ። ካስማውን ቁጠሩ። የመኝታ ከረጢቱን ገልብጣችሁ ላባው ወይም ጥጡ አንድ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ እንዳልቀረ በእጃችሁ ዳብሱ። ግጭ ላይ በሌሊት ዚፕ ሲበጠስ መፍትሔ የለውም።

ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ወደ ተራራው ሳይወጣ ለሚቀረው የቤተሰብ ተጠሪ ፕሮግራሙን በወረቀት ስጡት። ቅርብ ሆስፒታል ደባርቅ ነው፤ ከበድ ካለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። ድሮን ያለ ፈቃድ አታምጡ።

9. ምግብና ልብስ

በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ቴምር፣ ለውዝ። የማይጾም ቋንጣና ጭኮ ይጨምር። ከፍታ ላይ ሆድ ስለሚነፋ ባቄላና አተር አታብዙ። ውሃ በቀን ሦስት ሊትር፤ የምንጭ ውሃ ተፈልቶ ወይም ተጣርቶ።

ልብስ በድርብ፦ ላብ የሚያደርቅ ስስ፣ ሙቀት የሚይዝ፣ ንፋስና ዝናብ የሚከለክል። ጓንት፣ ኮፍያ፣ የግንባር መብራት። ጫማ ቢያንስ ወር የተለመደ ይሁን።

ፎቶው ያለበትን ቲሸርት ስታሳትሙ ሁሉም ሰው ከልኩ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጎ ይዘዝ። ከጃኬት በላይ ይለበሳል። በልኩ ካሳተማችሁ ሰው ለፎቶ ብሎ ጃኬቱን እያወለቀ ብርድ ይመታዋል።

10. የመታሰቢያው ቀን

መኪናው ከደባርቅ በ12 ሰዓት ይነሳ። ከሰዓት በኋላ ደመና ስለሚመጣ ጸሎቱ ከ4 ሰዓት አይለፍ። ካህን አብረው የሚመጡ ከሆነ ለእሳቸውም ብርድ ልብስና ወንበር ይዘጋጅ። ቡድኑ የተለያየ እምነት ካለው ቅደም ተከተሉ ከቤተሰቡ ጋር አስቀድሞ ይወሰን። ንግግር ሦስት ሰው ይበቃል። ንፋሱ ድምፅ ይወስዳል፤ ትንፋሽም ያጥራል። ትልቁን ፎቶ ላሚኔት አስደርጉ፣ ከኋላው ጣውላ ይኑረው፤ ባነር እንደ ሸራ ንፋስ ይዞ ይሄዳል።

ጧፍ ጓሳ ሣር ላይ አይበራም። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ተቃጥሎ፣ እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቷል። ጧፉን በዋዜማው ደባርቅ ቤተ ክርስቲያን አብሩ። ስም የተጻፈበት ድንጋይ፣ የብረት ሰሌዳ፣ የፕላስቲክ አበባ አትተዉ። ከውጭ የመጣ ችግኝም አትትከሉ፤ ቦታው እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። በስሙ አንድ ነገር መትከል ከፈለጋችሁ የደባርቅን ትምህርት ቤት አነጋግሩ፤ መጽሐፍ ወይም ወንበር ለዓመታት ይቆያል። መንገድ ላይ ለልጆች ብር መበተን ግን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያስቀራል።

ምሳ ተበልቶ፣ ቤተሰቡ ከ8 ሰዓት በፊት ይመለስ። ከዚያ የጤና ኃላፊው ወደ ራስ ደጀን የሚቀጥሉትን ስም ያነባል። ከአሥራ ሁለት ሰው ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሌሎቹ ከቤተሰቡ ጋር በክብር ይወርዳሉ፤ ቤተሰብ አጅቦ የሚመለስ ሰውም ያስፈልጋል።

11. የጫፉ ቀን

ከአምቢቆ በሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሱ። ወደ 1,350 ሜትር ሽቅብ ነው። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉም ቀርፋፋው ሰው ነው፤ ከአስጎብኚው ቀጥሎ እሱ ይሂድ። አንድ ጠንካራ ሰው ከኋላ ይሁን፤ ማንም ከሱ ኋላ አይቀርም። የመጨረሻዋ ክፍል ድንጋይ በእጅ እየተያዘ የምትወጣ ናት። ዝናብ ወይም በረዶ ካለ እሷን ተዉአት።

የመመለሻ ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም 6 ሰዓት ላይ ይዞራል። ይህን በዋዜማው እያንዳንዱ በቃሉ ይናገር። ጫፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፦ የአንድ ደቂቃ ዝምታ፣ ፎቶ፣ መውረድ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ሲወርድ ነው፤ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሰው ደግሞ እግሩን አያይም። ትንሽ ተቀምጦ ይረጋጋ፣ ከዚያ ይነሳ።

12. ከተመለሳችሁ በኋላ

ጉርሻው ደባርቅ ላይ፣ በአደባባይ፣ ለእያንዳንዱ በእጁ ይሰጥ፤ በአንድ ሰው በኩል ለሁሉም ተብሎ አይላክ። ባለበቅሎዎቹን አትርሱ። ቆሻሻው ተጭኖ ደባርቅ መድረሱን አንድ ሰው ይቁጠር።

ፎቶና ቪዲዮ መጀመሪያ ለቤተሰቡ ይሄዳል። እነሱ እሺ ያሉት ብቻ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ሲያለቅሱ የተነሳ ሰው ፎቶ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይለጠፍ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን ከነደረሰኙ ለሁሉም ይላክ። የተረፈ ብር ካለ ተመልሶ ይከፋፈል ወይም በስሙ ለተወሰነው ነገር ይዋል፤ የትኛው እንደሚሆን ግን ከጉዞው በፊት በቃለ ጉባኤ የተጻፈ መሆን አለበት።